ማበጠሪያ

ምልክት የታደለ ዕለት ቦጋለች ዘግይታ ደረሰች፤
ፋኖሱ፣ ቁልፉ፣ መሰላሉ በቀደሙት ተወስዶ፣
ከጠረጴዛው ጥግ የተረፈውን አነሳች፤
ማበጠሪያ። ጸሐፊው ሳቀ፣ መነጽሩ ካፍንጫው ወርዶ።

እኔም ሳቅሁ፤ አዳማ መናኸሪያ ጀርባ ጎማ የምጠግን፣
አናቴ እንዳለቀ ጎማ ጥርሱን የጨረሰ፤
"ማበጠሪያና እኔ!" አልኩ፣ "ምን ሊያገናኘን፣ ምን?"
ሳቄ እስኪመሽ ከባጃጅ ባጃጅ ደረሰ።

ቦጋለች ጉርሙ ማን ናት? ፓርቲ የላት፣ ዘመድ የላት፣
መኪና የላት፣ ድምፅ ማጉያ የላት።
ሰፈሩ የሚያውቃት በውሃ ቆጣሪ አንባቢነት ነው፤
አሥራ አራት ዓመት በየበሩ፣ ፀሐይ ፊቷን እየጠበሰው፣
የቱ ውሻ እንደሚነክስ፣ የቱ እንደሚያስመስል የምታውቅ፣
ከባለቤቱ ጤና በፊት የቧንቧውን ሳል የምትጠይቅ።

ቧንቧ እኛ ዘንድ ያስላል፤ ውሃ ሲጠፋ ነፋስ ነው የሚመጣው፤
ነፋሱም ቆጣሪ ያዞራል፣ ይኸው ነው ጣጣው።
አንድ ሰኔ ቦጋለች መዝገቡ ላይ፣ በቁጥሩ ፈንታ፣
"ያለፈው አየር ነው" ብላ ጻፈች፣ ፊደሉን አስፍታ።
በሐምሌ ቦርሳዋን ቀሟት፤ ደብተሩንም፣ ኮፍያውንም።
ያኔ ማን ጮኸላት?
ማንም። እኔም።

ለግል ተወዳዳሪ የድጋፍ ፊርማ ግድ ነው አሉ፤
ደብተሯን እኔ ጋ ተወችው፣ ከሙጫው ቆርቆሮ አጠገብ።
ፈረሙ። ለምን እንደሆነ ግን ለየብቻ ነው ሁሉ፤
አስካለ ቀበሌውን ለማናደድ፣ ቂሟ አንድ ቀን እንዲጠግብ፤
ሙዘይን ጋሪ ነጂው ከፀሐይ ሸሽቶ ተቀምጦ፣
"ከተቀመጥኩ አይቀር" ብሎ፤ ፈረሱ እያየው አፍጥጦ፤
ዲንቂቱ፣ ቦጋለች ብድሯን በቀጠሮው ቀን ስለመለሰች፤
ሮብሰን ደግሞ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ዲንቂቱ ስለፈረመች።
አገር የሚለውጥ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ በደብተሩ፤
ላብና የሙጫ አሻራ ነበር በየመስመሩ።

እኔ አልፈረምኩም። ደብተር ጠባቂ ነበርኩ፣ ሌላ አይደለም።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ፣
ኮረብታው ላይ የነፋስ ማማዎቹ ቀስ ብለው ሲዞሩ፣
ሰው ጎማ በጎማ ላይ ደርቦ ተቀመጠ፣ ሱቄ በሩ።
"ብትመረጪ ውሃው ይመጣል?" አላት አንድ ጎረምሳ።
ባለ ድምፅ ማጉያው እዚሁ ቆሞ፣ ትናንት፣ ከምሳ
በኋላ፣ "በመቶ ቀን!" ብሎ ምሎ ነበር።
እሷ በሻሿ ጫፍ ላቧን ጠረገች። ባጃጅ አለፈ። አቧራው ሰፈር
እስኪደርስ ጠበቀች።

"አላውቅም" አለች።
"የት እንደሚፈስ ግን አውቃለሁ።"

እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፣ እሱም የጎማ ነው፤
ነፍተህ ገንዳ ውስጥ ትነክረዋለህ፤ አረፋ የወጣበት፣ ቀዳዳው እዚያ ነው።
ስንቱን ንግግር ሰማሁ፣ ተነፍቶ ተነፍቶ የመጣ፣
ውሃ ያልነካው፣ አንዲት አረፋ ያልወጣ፤
"ደህና ነው" ያለን ሁሉ መንገድ ላይ ነው የጣለን።

እጄን ሳልታጠብ ፈረምኩ። ዘጠና አራተኛ።
የሐምሌው ዝምታዬ ይሆናል፤ ወይም አመሻሹ፤ አላውቅም እኔም ሲሉኝ።

ተሸነፈች። ውጤቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ፣
በስልኬ መብራት ፈለግሁት፣ ከማበጠሪያው ሥዕል ግርጌ፤
ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ጣቴን አስኬድኩበት ከጫፍ እስከ ጫፍ፣
ደገምኩት፤ ከኋላዬ ሰው እስኪገፋኝ፣ ደርቄ።

ዘጠና አራቱን አውቃቸዋለሁ፤ ላባቸውን ሳይቀር።
መቶ አሥራ ሰባቱ እነማን ናቸው?
ማንም አይናገር።

አሁን ጎማ ሊያስጠግን የሚመጣውን ሁሉ፣
ሹፌሩን፣ ረዳቱን፣ ያንን የቀበሌ ዘበኛ፣
ጎንበስ ሲል ጠብቄ ፀጉሩን አያለሁ፤
በደንብ የተበጠረ እንደሆነ
ሂሳብ እቀንስለታለሁ።